የትልቁ መጋዝ ጩኸት

ትናንት ጎረቤቴ የግቢውን ባሕር ዛፍ ሲያስቆርጥ፣ ዘይት የተቀላቀለበት የቤንዚን ጭስ በመስኮቴ ገባ። ቆራጩ ገና ወጣት ነው፤ መጋዙን ወደ ላይ አቅንቶ በባዶው ያስጮኸዋል። "ኧረ እንጨቱን ቁረጥበት አንተ ሰው" ልለው ስነሣ ባለቤቴ "አርፈህ ተቀመጥ፣ መጋዙ ያንተ አይደለም" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ልንገርህ፣ በባዶ የሚጮህ መጋዝ ስሰማ ደሜ መፍላት የጀመረው ትናንት አይደለም። ያስጀመረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው።

ዘመኑ የመንደር ምሥረታ ነበር። ገበሬው ከየተበታተነበት ተሰብስቦ አዲስ ቤት ይሥራ ስለተባለ፣ ከጎጆ ከተማ እስከ ጉደር የእንጨት ያለህ ይባል ነበር። የገበሬዎቹ ማኅበር አንድ ትልቅ የሞተር መጋዝ ነበረው፤ ሲሸከሙት ወገብ የሚቆርጥ ዓይነት። ወንድሜ ቆራጭ፣ እኔ ሽብልቅ መቺ ሆነን ከአምቦ ተነሥተን በየወረዳው እንዞር ነበር። ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሰንሰለቱን ጥርስ አንድ በአንድ ይሞርዳል። የተሰነጠቀ ጽድ ሽታና የሞረድ ድምፅ ባንድ ላይ ሲመጡብኝ አሁንም እሱ ከፊቴ ይቀመጣል። ሚስት አላገባም፣ መሬት አልነበረውም፤ ያ መጋዝ ሥራውም ኩራቱም ነበር።

በሱ የሚያናድደኝ ነገር ጩኸት መውደዱ ነበር። ደህና ትልቅ መጋዝ በባዶው ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል፤ ድምፁ የሚጠራው እንጨት ውስጥ ሲገባ ነው። መንተክተኩ ጤንነቱ ነው። ለወንድሜ ግን በሽታ ነበር። "ያስለዋል" ይልና ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ የካርቡሬተሩን ብሎን ጠበቅ ያደርገዋል። ብሎኑ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ከልኩ በላይ መዞር ይጀምራል፣ ድምፁም እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጥርስ ያሳክካል። እጄን አወናጭፌ "ጋሼ፣ በቃው" እለዋለሁ።

"ገና ነው" ይላል። ሁልጊዜ ገና ነው።

ሰዉም አላገዘኝም። ዛፍ ሲወድቅ ሊያይ የሚሰበሰበው ሁሉ መጋዝን የሚመዝነው በጩኸቱ ነበር። ወንድሜ ግንዱን ከመንካቱ በፊት እንደ ፈረሰኛ መጋዙን ያስፎክረዋል። ያላስፎከረ ቀን ሽማግሌዎቹ "ዛሬ መጋዝህ ጾም ነው እንዴ የዋለው?" እያሉ ይቀልዱበታል። ጎጆ ውስጥ ደግሞ አንድ ጣውላ ነጋዴ እንደ ንብ የሚጮህ ትንሽ መጋዝ ነበረው፤ ወንድሜ በዚያ ቀና። "የሱ ፒስተን ቀላል ነው፣ ፈጥኖ ቢዞር ይችለዋል። የኛ ከባድ ነው፤ ጉልበቱ በመሳብ ነው እንጂ በመሮጥ አይደለም" ብዬ ስንቴ ለፈለፍኩ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። አንገቱን ነቅንቆ "እሺ" ይላል፣ ያንኑ ይደግማል። ቤት ያከራየችን ሴትዮ እንኳ "ወንድምህ ኩሩ ነው፣ ደህና አደርክ ስለው ዝም ይለኛል" ብላ አኩርፋው ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አስቀድሞ አስጠንቅቆታል። "ይህ ማሽን የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው። አንድ ነገር ቢሆን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፣ አንተንም በአሻጥር እጠይቅሃለሁ" ብሎታል። በዚያን ጊዜ አሻጥር በቀልድ የሚነሣ ቃል አልነበረም።

ጎጆ ከርመን ወደ ጉደር ወረድን። ጎጆ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ ሞተሩ እንዳይታፈን ቤንዚኑን እንቀንስለታለን። ሲወርዱ ግን ብሎኑን መልሶ ማላላት ግድ ነው፤ ያለዚያ ሞተሩ ቤንዚንም፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይትም ያጥረዋል። የጭነት መኪናው ላይ ሆነን ይህንኑ ነገርኩት። "እሺ" አለኝ። ጉደር ወንዝ ዳር፣ ትልቅ ዋርካ የሚያህል ዝግባ ሥር ቆሞ፣ ብሎኑን ሳይነካ ያስፎክረው ጀመር። ድምፁ ከሰማሁት ሁሉ ቀጠነ። እየሮጥኩ ልደርስበት ስል አንድ ጊዜ ጮኸና ቀጥ አለ። የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ የተቃጠለ ብረት ሸተተኝ።

ከአምቦ የመጣው መካኒክ ሞተሩን ፈታው። ፒስተኑ ጎኑ ተላልጦ ሲሊንደሩን ነክሶታል። "ማል ጎና፣ ምን እናድርግ እንግዲህ" አለና ተነፈሰ። ያን ጊዜ የያዝኩትን ሽብልቅ መሬት ላይ ወረወርኩ። "ያ ሁሉ ቀጭን ጩኸት አይሰማህም ነበር?" አልኩት ወንድሜን።

አፍ አፌን አየኝ። "የቱ ቀጭን ጩኸት?" አለ።

ሊያሾፍ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አያሾፍም። ነጎድጓዱን፣ የዛፉን መውደቅ፣ አጠገቡ ቆሜ ስቆጣም የኔን ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭን ነገር ሁሉ ግን፣ ወፉም፣ የሴትዮዋ ሰላምታም፣ የሞተሩ የጣር ድምፅም ከጠፋበት ቆይቷል። ለዓመታት ጆሮው ሥር ያስጮኸው መጋዝ በልቶታል። "ገና ነው" የሚለው እውነትም ለሱ ገና ስለነበረ ነው። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ጎንበስ ብዬ የወረወርኩትን ሽብልቅ አነሣሁ።

ሊቀመንበሩ መጥቶ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። እውነቱን ብንናገር መጋዙን ይቀማዋል፤ ዝም ብንል አሻጥር ነው። መካኒኩ ሁሉን ሰምቷል። እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ከፍታው ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ለጎጆ የተስተካከለ ሞተር ጉደር ላይ ሲነሣ እንዲህ ይሆናል" አለ። ውሸት አልነበረም። ሊቀመንበሩ ወንድሜን ትኩር ብሎ አየውና "ሁለተኛ እንዳይደገም" ብሎ ሄደ።

ፒስተኑ ከአዲስ አበባ መጥቶ መጋዙ በተነሣበት ጠዋት፣ ወንድሜ ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። "አንተ ስማልኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከኋላው ቆሜ ትከሻውን እይዛለሁ፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ጫን አደርገዋለሁ፣ እሱም ጋዙን ይለቃል። ሽማግሌዎቹ መጋዙ ጾም ነው ቢሉም ግድ አልሰጠውም። እንዲህ ሆነን ብዙ እንጨት ጣልን።

አሁን አርጅቷል። መጀመሪያ ቀጭኑ፣ ቀጥሎ የሰው ንግግር፣ በመጨረሻም የመጋዙ ድምፅ ራሱ ተለየው። ልጠይቀው ስሄድ እጄን ይዞ ይስቃል፣ ስለ ሁሉም ነገር ያወራልኛል፣ እኔ ግን ብመልስለትም አይሰማኝም። ከተናገርኩት ሁሉ መጨረሻ የሰማው የቱን ይሆን እላለሁ። ደግ ቃል ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ጆሮው እየከዳው በሄደበት ዘመን ከአፌ የሚወጣው አብዛኛው ቁጣ ነበር።