በያርኮን ዳር ጠባቂ የሆንኩበት ቀን

የበደለችኝ ውቢት ናት፤ የባሌ እህት። ጊዜው ከጎንደር እስራኤል መጥተን አዲስ ገቢዎች የሚያርፉበት ካራቫን ሰፈር የገባንበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ለጽዳት ሥራ ሲወጡ ልጆቻቸውን የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የውቢት ልጅ አድማሱ፣ ገና የአምስት ዓመት ልጅ፣ ጠፍቶ መኪና መንገድ ዳር ተገኘ። እሷ ራሷ ቀደም ብላ መጥታ ወስዳው፣ ቢሮ ደጃፍ አቁማው ስትሰለፍ ነው የጠፋባት። በሰው ፊት ግን «ለትርንጎ ዶሮ እንኳ አደራ አይሰጥም፤ ለጅብ ታስበላለች» አለች። ሁሉም አመናት። ከዚያ ወዲህ «ልጅ ጠብቂልኝ» ያለኝ የለም።

ስለዚህ የአድማሱ ልጅ ሺራ ደውላ «እማማ ትርንጎ፣ እሑድ ይጠብቁኛል?» ስትለኝ የሚቀለድብኝ መሰለኝ።

ሺራ ፊልም ትማራለች። ከቤት ውጭ ለሚቀርጽ ተማሪ ካሜራ የሚሰጠው ቶፌስ የሚሉትን ወረቀት ሲሞላ ነው። አደጋው ሁሉ እዚያ ላይ ይዘረዘራል። ካሜራ የማይነካ፣ ዙሪያውን ብቻ የሚያይ አንድ ሰውም ይመዘገባል። ልትጠብቃት የነበረችው ጓደኛዋ ትኩሳት ያዛት። ካሜራው የዚያኑ ዕለት ይመለሳል፤ ፊልሙን በማግስቱ ታስረክባለች። እምቢ ብል የዓመት ልፋቷ ገደል መግባቱ ነው። እሺ አልኩ። ለውቢት ብዬ አይደለም።

ከአሚሻቭ ስንነሳ

በጠዋት ከሰፈሬ ከአሚሻቭ አውቶቡስ ያዝን። ስድስት ጠርሙስ ውሃ አሳድሬ በረዶ አድርጌ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ከሰንበት የተረፈ ዳቦ ጨምሬ ይዣለሁ። በመንገድ ላይ ለአንድ ጠርሙስ አሥር ሸቅል የሚጠይቁትን አውቃቸዋለሁ።

ሺራ ቶፌሱን እያነበበች ተረጎመችልኝ። ሙቀት። የሚያንሸራትት ዳርቻ። ብስክሌት።

«መጨረሻ ላይ ‹ሌላ አደጋ ካለ› ይላል» አለች።

«አያትሽን ጻፊ።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«ደግሞ ጠባቂው ‹ቁም› ካለ ሁሉም ይቆማል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።»

«ይህ በዕብራይስጥ ተጽፏል?»

«በዕብራይስጥ።»

«በዚህ አገር ለምን የማይባልበት ነገር መኖሩን ገና ዛሬ ሰማሁ።»

ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ‹ጠባቂ› በሚለው ቦታ ስሜን ጻፈች። ፊደሉ ሰፋፊ ነበር።

ወንዙ ዳር

መሀል ከተማ ወርደን ሌላ አውቶቡስ ያዝን። ክፋር አቭራሃም የሚባለውን ሰፈር አልፈን፣ ከወረድንበት ሃያ ደቂቃ በብርቱካን ማሳ ጥግ ተጓዝን። ያርኮን ጠባብ ወንዝ ነው፤ ውሃው አረንጓዴ፣ ዳሩ ሁሉ ባሕር ዛፍ። ሺራ የምትቀርጸውም እሱኑ ነው፤ ሰው የሌለበት ውሃና ዛፍ።

«ባሕር ዛፍ ለማየት ነው እኔ ከጎንደር የመጣሁት?»

«ያላ፣ እንቀጥል እማማ፣ ፀሐዩ ሳይከር።»

ዳርቻውን በእግሬ ፈተሽኩ። ጭቃው የሚከዳበት ቦታ ላይ ሻሼን ፈትቼ ሸምበቆ ላይ አሰርኩና «ከዚህ እንዳታልፊ» አልኳት። እሷ ዓይኗን ካሜራው ላይ ተክላ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው። ለካ ሥራቸው እንዲህ ነው! የጀርባ ቦርሳዋን ማንገቻ ይዤ ተከተልኳት።

«እማማ፣ እየጎተቱኝ ነው። ምስሉ ይናወጣል።»

«ይናወጣ።»

ለመጨረሻው ምስል ግን ለመነችኝ። «አንዴ ብቻ ይልቀቁኝ። በሰደር፣ እሺ?»

ለቀቅኳት፤ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ብርሃኑ በቅጠሉ መሀል ሾልኮ ውሃው ላይ ሲያርፍ እኔም ማየት አማረኝ። አላየሁም። መንገዱን አየሁ። ከኩርባው ጀርባ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ብቅ አለ፤ ድምፅ የለው፣ የሚነዳው ጎረምሳ ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኗል።

«ቁሚ!»

ቆመች። አንድ እግሯ አየር ላይ እንዳለ፣ ሳትዞር፣ ለምን ሳትል። ብስክሌቱ በክርኗ አጠገብ ሲያልፍ እጅጌዋ ተርገበገበ። አንድ እርምጃ ብትጨምር እሷም ካሜራውም አልነበሩም።

በዚህ አገር ስንት ዓመት ተናግሬአለሁ፤ በአንድ ቃሌ ሰው ሲቆም ያየሁት ያን ዕለት ነው።

መሬት ላይ ተቀመጠች። ውሃ አጠጣኋት።

«ምስሉስ?» አልኳት።

«ተበላሸ።»

«ይደገማ። እኔ ግን ማንገቻውን አልለቅም።»

«አይልቀቁ» አለች።

መመለሻ

በሰላም ጨርሰን አውቶቡስ ላይ ዳቦውን ተካፈልን። ሲከነክነኝ የዋለውን ጠየቅኳት።

«ከሰው ሁሉ እኔን ጥሪ ያለሽ ማን ነው?»

«አባዬ። ‹እትዬ ትርንጎን ለምኛቸው፤ እሳቸው እጅ ጠፍቼ አላውቅም› አለኝ። የጠፋ ቀን ከእናቱ ጋር ወረፋ ላይ ነበር አሉ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምላሱን ማን ያዘው?»

«አያቴን ይፈራታል፣ እማማ።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም። ዘግይቶም ቢሆን እውነቱን ስለተናገረ አድማሱን አመሰገንኩት። ያን ቶፌስ የጻፈውን፣ የማላውቀውን ሰውም አመሰገንኩ፤ ቆሞ ዙሪያን ማየት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ የገባው ሰው ነው። ሺራ ካሜራውን ስትመልስ የቶፌሱን ግልባጭ ለምኛት ወሰድኩ።

በማግስቱ ውቢት ወደምትኖርበት ማሃኔ የሁዳ ሄጄ ግልባጩን የፖስታ ሳጥኗ ውስጥ ከተትኩት። ዕብራይስጥ አታነብም። ደብዳቤዋን የሚያነብላት አድማሱ ነው።