ሦስት ጊዜ የታጠፈች ቧንቧ

ጋሽ ነበልባል ስማቸውን ያገኙት ከጋራዡ ሠራተኞች ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍሬን ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል፤ ሠላሳውንም ዓመት ተቆጥተዋል። «ሞተር ቢሞት መኪናው ይቆማል፤ ፍሬን ቢሞት ባለቤቱ ይሞታል» ይላሉ፣ ሰሚ ኖረም አልኖረ።

የዚያን ዕለት ግን ቁጣቸው እቤታቸው ድረስ የገባ ነበር። ሴት ልጃቸው ሳታማክራቸው ያገለገለች ጂፕ ገዛች። አዲስ የተቀባችው ጥቁር ቀለም ፊት ያሳያል። ልጅቱ በየጠዋቱ መንትዮቿን ከኋላ አስቀምጣ የምትወርደው መንገድ ደግሞ ቁልቁለት ነው። አባት አንዴ ነድተው ፍሬን ሲይዙ መኪናዋ ወደ ቀኝ ጎተተቻቸው። ወርደው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና የሸጠላትን ደላላ ወደ ጋራዡ አስጠሩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቆጣለህ ብዬ ነዋ፣ አባዬ።»

«አሁንስ ሳልቆጣ ቀረሁ?»

ደላላው መጣ፤ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ይቺን እኮ አንድ ዶክተር እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ የያዛት ናት።»

«ዶክተሩ ዶሮ ነበር?»

ጋራዡ በሳቅ ሞላ። እሳቸው አልሳቁም። መኪናዋን በክሪክ አንሥተው የኋላ ግራ ጎማዋን ፈቱ። የፍሬኑ ከበሮ ዝገት ለብሷል፤ ውስጡ እየተፋተገ ጎማውን የሚያቆመው ሸራ ግን ምንም አልተበላም። ዓመታት የሠራ ሸራ ካልተበላ፣ ያ ጎማ ፍሬን ይዞ አያውቅም ማለት ነው። በእጃቸው እየዳበሱ የዘይቱን ቧንቧ ተከተሉ። መሐል ላይ ተቆርጦ፣ ጫፉ ታጥፎ ተደፍኗል። የሚያፈሰውን መስመር ዘግቶ መኪናን በሦስት ጎማ ፍሬን መስደድ፣ የቸኮለ መካኒክ የሚሠራው ኃጢአት ነው።

ዓይናቸው ደም ለበሰ። የደላላውን ኮሌታ ጨብጠው ወደ ጎማው ጎተቱት። «እይ። የልጅ ልጆቼን በዚያ ቁልቁለት ልትሰድ ነበር። የትኛው አራጅ ነው ይህን የሠራው? ስሙን ንገረኝ።»

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ? እንዲህ ሆና ነው የመጣችልኝ።»

ለሁሉም እንዲታይ በሌላ እጃቸው የቧንቧውን ቅባት በጨርቅ ጠረጉት። ቧንቧው ሦስት ጊዜ ታጥፏል፤ እያንዳንዱ እጥፋት በመዶሻ ተደልድሏል። ሌላው መካኒክ አንዴ አጥፎ ይተዋል። ሦስት ጊዜ የሚያጥፍ፣ «አንዱ ለዘይቱ፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለፈጣሪ» እያለ የሚደልድል፣ በዚህ ሰፈር አንድ ሰው ብቻ ነው።

ክው አሉ። ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ብርማ ጂፕ የኋላ ፍሬኗ ዘይት እያፈሰ መጥታ ነበር። መለዋወጫው በዕለቱ ገበያ ላይ አልተገኘም፤ ባለቤቱ ቸኩሏል። «እስከ ነገ ብቻ» ብለው ደፈኑለት። በማግሥቱ ሰውየው አልመጣም። እሳቸውም አልፈለጉትም፤ ሌላ የሚቆጡበት መኪና ነበራቸው። ቁጣ ዓይኑ ያለው ወደ ውጭ ነው፤ የራሱን ደጅ አያይም።

እጃቸው ከኮሌታው ላይ ላላ።

«አባዬ፣ ማነው የሠራው?» አለች ልጅቱ።

ደላላው ልብሱን አራገፈ። «እንግዲህ ችግሩ ከተገኘ፣ እኔ ልሂድ።»

«ቁም» አሉት። በሠላሳ ዓመት ጩኸታቸው ተሰምቶ የማያውቅ ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር። «የትም አትሄድም። አብረን ነው የሸጥንላት።»

ከዚያ መፍቻውን ሰጡት። «የቀሩትን ሦስቱን ጎማዎችም ፍታ። እያየሁህ ነው።»