አልወርድ ያለ ጉርሻ

በድርቁ ዓመት አባቴ የራሱን ድርሻ ወደ እኛ ወደ ልጆቹ መግፋት ሲጀምር፣ መካነ ሰላም ውስጥ ያልመረቀው ሰው አልነበረም። «ለልጆቹ ሲል ጦሙን ያድራል» ይባልለት ነበር። እኛም የገፋልንን ተሻምተን እንበላለን።

አጥንቱ ገጦ ሲወጣ እናቴ ሐኪም ቤት ውሰጂው አለችኝ። አቀስታ ድረስ በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ አደረስኩት። ደሴ ላይ ማን ጠይቆን! ከሲታ ሰው፣ ያውም የወሎ ገበሬ፣ ረሃብተኛ ነው ተብሎ አለቀ። መጠለያ አስገቡን፤ ገንፎ ሰጡት። አኘከው፣ ታነቀ፣ ተፋው። እርዳታ ታባክናለህ ብላ የጮኸችበትን ሴትዮ እስከ ዛሬ አልወዳትም። በኋላ ግን የጠጣው ውሃ በአፍንጫው ሲመለስ ያየ ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ላከን።

አዲስ አበባ አብዮቱ ፈንድቶ በሰልፍ ትናጣለች። ዛሬ ለካንሰር ብቻ የተሠራ ሆስፒታል ሲባል እሰማለሁ፤ ያኔ እኛ የገባነው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ጥግ ያለች ጠባብ ክፍል ነበር። እዚያ ያለው ሐኪም የጉሮሮ ነቀርሳ ከምን እንደሚመጣ ያጠናል። ከአባቴ ጉሮሮ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ አስመረመረ። ውጤቱን ስንጠብቅ አባቴ «አብሽሪ» ይለኛል፣ ታማሚዋ እኔ ይመስል።

ውጤቱ ነቀርሳ ሆነ። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ለጥናቱ ይጠይቀው ጀመር።

«አባቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምን ይመገባሉ?»

አባቴ እያሳለ ሳቀ። «ልጄ፣ ዘንድሮ ከወሎ የመጣ ሰው ይኼ ይጠየቃል?»

ሐኪሙ አፈረ፤ ግን አልተወውም። ከድርቁ በፊት ምን ይበላ እንደነበር፣ ትኩስ ትኩሱን ይወድ እንደሆነ፣ አረቄ ይቀምስ እንደሆነ ጠየቀው። ቀጥሎም «እህል አልወርድ ያለዎት ከመቼ ወዲህ ነው?» አለው።

አባቴ እኔን አየት አደረገና «ዝናቡ ሳይቀር በፊት» አለ።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ያኔ ቢመጡ ኖሮ ቆርጠን እናወጣው ነበር። አሁን ተስፋፍቷል።»

ደሜ ፈላ። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮኽኩበት። «አባባ፣ እኛ እኮ ምግቡን የሚገፉልን ለእኛ ብለው መስሎን ነው! ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢነግሩን?»

«መጀመሪያ ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ ኋላማ እንዴት ብዬ?» አለኝ። «ጎረቤት የሚቀመስ አጥቶ ልጁን እየቀበረ፣ እኔ እህል አልዋጥ አለኝ ብዬ አቤት ልበል?»