ሙጫው ሳይደርቅ የተዘጋ ምዝገባ

ዛሬ ጠዋት የሥራ ማስታወቂያ ስነካ ሙጫው ጣቴ ላይ ቀረ። ወረቀቱ ግን "ምዝገባው ትናንት አብቅቷል" ይላል!

ለማታውቁኝ፣ እኔ የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ነኝ። የማስታወቂያ ሰሌዳው ከመቀመጫዬ አምስት እርምጃ አይርቅም። ትናንት ከሥራ ስወጣ ባዶ ነበር።

በማታ ትምህርት ማንበብ ከቻልሁ ሦስት ወር አልሞላኝም። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሁለተኛ ናት፤ እሷ ተቃራኒውን ታወራለች፣ አትስሟት።

ልጄ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ሥራ ስላጣች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቡሬ ከተማ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ጤፍ ታበጥራለች። የወጣው የሥራ ቦታ ልክ የእሷ ሙያ ነበር።

የቅጥር ባለሙያውን "ይኸ መቼ ተለጠፈ?" አልሁት።

"ሳምንት አለፈው እኮ ጋሼ፣ አላዩትም?"

"ሳምንት ሙሉ የማይደርቅ ሙጫ ከየት ገዛችሁ?"

ሳቀና "እርስዎ ደግሞ ማንበብ መቼ ጀመሩ?" አለኝ።

ደሜ ፈላ! ድሮ ወረቀት በለጠፈ ቁጥር "ምን ይላል?" ስለው "የስብሰባ ጥሪ ነው ጋሼ" ይለኝ ነበር። እኔም አምኜ ልጄን "ምንም አልወጣም" እላት ነበር። ስንቱ ስብሰባ የእሷ እንጀራ ነበር?

አቤቱታዬን በገዛ እጄ ጻፍሁ፤ "ምዝገባው ይከፈት፣ ልጄም ትመዝገብ" ብዬ። ፊደሌ ቢንጋደድም መዝገብ ቤት ማኅተም አስመትቼ ቅጂውን ኪሴ ከትቻለሁ። መልስ ሳይሰጡኝ ከመሥሪያ ቤቱ በር አልነቃነቅም፤ ደግሞስ የት እሄዳለሁ፣ ጥበቃው እኔ ነኝ!

እናንተስ ዘንድ ማስታወቂያ የሚለጠፈው ምዝገባው ሳይዘጋ ነው ወይስ ከተዘጋ በኋላ? የደረሰባችሁን ጻፉልኝ፤ አሁን ራሴ አነበዋለሁ።