ዓለሙ ከሻሺቱ ጋር የተጣበቀ ዕለት

ሻሺቱ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት ጥግ፣ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ግድግዳ ጋር በተለጠፈች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ የተሰበረ ፕላስቲክ ትጠግናለች። የባጃጅ ዳሽቦርድ፣ የፍሬቻ ክዳን፣ የቴሌቪዥን ጀርባ ይመጣላታል። ያላት መሣሪያ ትንንሽ የሱፐር ግሉ ቱቦዎች፣ ምላጭ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቤኪንግ ሶዳና ውኃ የሞላ ሳፋ ነው። ስባሪ ሲሰጣት መጀመሪያ ከጫፉ ትንሽ ቆርሳ ሳፋው ውስጥ ትጥላለች። ከሰመጠ ትቀበላለች። ከተንሳፈፈ ትመልሳለች።

"ይሄ የባልዲ ዘር ነው፤ ማስቲሽ አይዘውም" ትላለች።

ሰው አያምናትም። ቤቱ ወስዶ ሦስት ቱቦ ያፈስበትና በማግስቱ ሲላቀቅ ማስቲሹን ይሰድባል። ከሁሉም የሚያናድዷት ግን ሊጠገን የሚችለውን ራሳቸው ሞክረው፣ አዝረክርከውት የሚመጡት ናቸው። "ምኑን ነው የምትጨልፉት? ወጥ ነው እንዴ!" ትላቸዋለች፣ የደረቀውን በምላጭ እየፋቀች። አፏ መራራ ነው። እኔ ደግሞ ይህን እወድላታለሁ።

እኔ ለሊሴ እባላለሁ፤ የነቀምቴ ልጅ ነኝ። አርባ ምንጭ ተምሬ ተመረቅኩና ሥራ ስፈልግ ሦስት ዓመት ከቆየሁ በኋላ ይህችን ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። የአገሩን ነገር ሁሉ አላውቅም ነበር። ሻሺቱ ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር እንደመጣች፣ እናቷም ሸክላ ሠሪ እንደሆነች አውቃለሁ። ሸክላ ሠሪ መሆን እዚያ ደጋ ላይ ምን እንደሚያስከትል ግን የነገረኝ የለም። ሰዎቹ በእናቷ ድስት ወጥ ሠርተው ይበላሉ፤ እሷን ግን ከደጃፍ አያሳልፏትም። ልጆቿን አያገቡም፤ አንድ አግዳሚ ላይም አብረዋቸው አይቀመጡም።

ዓለሙ የዚያው መንደር ሰው ነው። ሦስት ባጃጅ አለው፤ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሰዉ "አቶ ዓለሙ" እያለ በአንቱታ ይጠራዋል፤ እኔ ትቼዋለሁ። የሚጠገን ነገር ሲያመጣ ለሻሺቱ በእጇ አይሰጣትም። እኔ ጋ ይመጣና "ለሊሴ፣ እስቲ ይህን አቀብይልኝ" ይለኛል። እኔም ሞኟ አቀብል ነበር። ሴት የሚያፍር ጨዋ ሰው መስሎኝ። ስምንት ወር ሙሉ መላላኪያው ሆኜ ኖሬ፣ ነገሩን ያስረዳኝ የገዛ ሹፌሩ ቴዎ ነው። ቴዎ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔ ፊቴ ጋለ።

በዚያው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዓለሙ ለሁለት የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ ይዞ መጣ። ራሱ ሊያጣብቀው ሞክሮ ጠርዙን አበላሽቶታል። ቀና ብዬ ስላላየሁት መሬት ላይ አስቀመጠላት። ሻሺቱ አንስታ ስትፍቀውና ስታለሰልሰው ረፈደ፤ እሱ ከራሷ በላይ ቆሞ ያዛል። በመጨረሻ ሁለቱን ገጠመችና ስንጥቁ ላይ ማስቲሹን አንጠባጠበች።

"ተጣሟል" አለ ዓለሙ።

"አልተጣመመም። እጅዎን አያስገቡ።"

"ተጣሟል እያልኩሽ! እንዲህ ነው የሚያዘው" አለና ጫፉን ጨበጠ። ሲጫነው ያልደረቀው ማስቲሽ ከስር ፈሰሰ። ዳሽቦርዱ ተንሸራቶ ወደቀ። የዓለሙ ሁለት ጣቶች ግን ከሻሺቱ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጋር ተጣብቀው ቀሩ።

"ልቀቂኝ!" ብሎ ጮኸ።

"እኔ መች ያዝኩህ?" እስከዚያች ሰዓት "እርስዎ" ነበር የምትለው።

እጁን መነጨቀ፤ እሷም አብራው ተሳበች። "አትጎትት! ቆዳህ ይላጣል፤ የእኔም ይላጣል። ተቀመጥ!"

መቀመጫው አንድ አግዳሚ ብቻ ነው፤ የሷው። ዓለሙ ዙሪያውን አየ። ሹፌሮቹ ከየባጃጃቸው ወርደው ከበዋቸዋል። አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ሊወድቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ርቆ ተቀመጠ። እጁ ግን ከእጇ ጋር መሐል ላይ ቀርቷል።

"ጋሼ፣ ለሠርጉ ባጃጅ እናሰልፍ?" አለ አንዱ። ሳቁ እስከ ገበያው ተሰማ።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ላመጣ መንገዱን ተሻግሬ ውበት ሳሎን ሄድኩ። ሮጬ ሄድኩ ብል ውሸት ነው። ስመለስ ሻሺቱ በሌላ እጇ ለብ ያለ የሳሙና ውኃ እያፈሰሰች ታወራዋለች።

"እናቴን ወለቴን ታውቃታለህ አይደል? ቤታችሁ ያለው ትልቁ እንስራ የሷ ሥራ ነው።"

"ከተሰበረ ቆየ" አለ፣ ወደ መንገዱ እያየ። "በፕላስቲክ በርሜል ተካነው።"

"በርሜሉስ?"

"ተሰነጠቀ።"

"ታዲያ በምን ትጠጣላችሁ?"

"ለሊሴ፣ አሴቶኑን አምጪው" አለኝ።

ማላቀቁ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። የመጨረሻው ጣት ሲላቀቅ ዓለሙ አመሰግናለሁ አላለም። ቀጥ ብሎ ከሱቄ ደጅ ወዳለው ቧንቧ ሄደና እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ። ደገመ። ለሦስተኛ ጊዜ ታጠበ። ጣቱ ላይ ግን ነጭ ቅርፊት ቀርቷል፤ ማስቲሹ ከሻሺቱ ቆዳ ጥቂት ልጦ ይዞ ሄዷል። ድንጋይ አንስቶ ፈገፈገው፤ ደማ። የከተማው ሰው የፊት ወንበር የሚለቅለት ጎልማሳ በጠራራ ፀሐይ ጣቱን በድንጋይ ሲፈገፍግ ቆሜ አየሁት።

ሻሺቱ በዚህ መሐል ዳሽቦርዱን አንስታ በትክክል ገጥማ ጨርሳለች። ሥራ ናቃ አታውቅም። ዘርግታ ያዘችለት። ዓለሙ ወደ እኔ ዞረ።

"ለሊሴ፣ እስቲ አቀብይኝ።"

"እጅህ ምን ሆነ?" አልኩት። "ስትዘረጋልህ እያየህ! ተቀበላት።"

አልተቀበላትም። ቴዎን ልኮ አስወሰደ። በኋላ እንደሰማነው ለሚስቱ ለበለጥሽ "የባጃጅ ሞተር አቃጠለኝ" ብሏት ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጥግ በኩል አልፎ አያውቅም፤ ባጃጆቹ ሲሰበሩ ሹፌሮቹ ያመጣሉ። ሻሺቱ ትቀበላቸዋለች። ለምን ብዬ ስቆጣ "ባጃጁ ምን አጠፋ?" አለችኝ።

ለመስቀል አገሯ ወጥታ ለእናቷ ታሪኩን ከነሳቁ፣ ከነሹፌሮቹ ቀልድ ነገረቻት። ወለቴ ሰምታ አልሳቀችም። የልጇን እጅ ስባ፣ የተላጠውን አውራ ጣት ወደ ብርሃን አዙራ አየችው፤ በራሷ አውራ ጣት ጫን ጫን አደረገችው።

"ለሥራ አያስቸግርሽም?" ብላ ጠየቀቻት።

"ትስቃለች ብዬ ነበር እኮ" አለችኝ ሻሺቱ ስትመለስ፣ እንደ መናደድ ብላ።