ለመስጊዱ የሠራሁት ባለ ስድስት ጎን ክፈፍ

አያቴ ከሚሴ ውስጥ አናጢ ነበሩ፤ ሙያውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የሠራሁትን ሳሳያቸው ሁልጊዜ "ጎኑስ ይሁን፣ ማዕዘኑስ?" ይሉኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ለሰፈራችን መስጊድ ባለ ስድስት ጎን የመስኮት ክፈፍ ሠራሁ። ለጁምዓ መድረስ ነበረበት።

"አባባ፣ ስድስቱም ጎን እኩል ነው" አልኳቸው።

"ኮቱ፣ ነይ እስኪ" አሉኝ ኦሮምኛውን ከአማርኛ ቀላቅለው፤ ጥጉንም በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ክፈፉ ተንጋደደ። ጎኖቹ እኩል እንደሆኑ አንዱ ማዕዘን ጠበበ፣ ሌላው ሰፋ። አፈርኩ፤ ተናደድኩም። እሳቸው ግን ምስማሩን ነቀሉ። ማዕዘኖቹን ሁሉ አንድ ልክ አድርገን እስከ አስር ሰዓት አብረን ገጠምነው።

እሳቸው ከሞቱ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። የለካሁትን መልሼ እለካለሁ፤ የገጠምኩትን እፈታለሁ። ትናንት ከሰንበቴ ከተማ የመጣ ደንበኛ ያዘዘኝን ባለ ስድስት ጎን ጠረጴዛ አይቶ "ማሻ አላህ፣ እንከን የለውም!" አለኝ። እኔ ግን "ነገ ተመለስ" ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ ጠረጴዛውን ተሸክሜ በጥድፊያ ወደ አያቴ ቤት ሄድኩ። የምጠራው ሰው እንደሌለ ትዝ ያለኝ በራቸው ላይ ስደርስ ነው።