በትከሻ የተጠረገው መንገድ

የማንጎ ወራት ሲደርስ አሶሳ ሌላ ከተማ ትሆን ነበር። ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ዱብ ዱብ ሲል ያድርና ጠዋት በየደጁ ፈርጦ፣ ንቡንም ዝንቡንም አስክሮ ይገኛል። ከታች መሬቱ ይግላል፣ ከላይ ሰማዩ ዝናብ አርግዞ ያጉረመርማል፤ ሰው ሁሉ ወይ ሊስቅ ወይ ሊጣላ የደረሰ ይመስላል። በዚያ ወራት ሸዋሉል ታናሽ እህቷን የወርቅውሃን አዝላ፣ ከሰፈራው መንደር እስከ ከተማው ገበያ በእግሯ ትመጣ ነበር። እናታቸው ከወሎ መጥተው ብዙም ሳይቆዩ፣ የወርቅውሃን እንደወለዱ አርፈዋል። ሕፃኗን ያሳደገቻት ሸዋሉል ናት፤ እሷም ራሷ ገና ልጅ ሆና። የማንጎው ጭማቂ ከአንገቷ እስከ ወገቧ እየወረደባት፣ "አንቺ፣ ጀርባዬን እኮ አጣበቅሽው" ስትላት መልሱ ከኋላዋ የሚሰማ ሳቅ ብቻ ነበር።

አደጉ። የወርቅውሃ ማንጎ በሣፋ ተሸክማ የምትሸጥ፣ ለሁሉ የምትስቅ ሆነች። ሸዋሉል ደግሞ ሴት ያልደፈረውን ሥራ ያዘች፤ የባጃጅ ተራ አስከባሪ ሆነች። ድምፅዋ መስጊዱ ጋ ሆና ገበያው ድረስ ይሰማል ይሏታል። "ዛሬ ተራ የሰረቀ ነገ ሚስት ይሰርቃል" ትላለች፤ ሾፌሮቹም ይስቁና ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

ከዚያ የሰራዊት ሕንጻ መጣ። ሰራዊት በሰሊጥና በሲሚንቶ ንግድ የከበረ ሰው ነው፤ ተራው አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ባለ ብዙ ሱቅ ፎቅ ሊሠራ ተነሣ። ሥራው ሳይጀመር የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበና ቴዎ የሚባል፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ መሐንዲስ የሕንጻውን የጉዞ ዕቅድ አስረዳ። ትልቅ ቤት ሲሠራ ሰውም መኪናም እቃም ይጎርፋልና፣ ማን በየት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይወሰን ነው ነገሩ። የጭነት መኪና በኋላ በር ይገባል። ባጃጅ ከጎን ይጭናል፣ ያወርዳል። በፊት ለፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሰራዊትም ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ቃሌ ነው" አለ። ሰው አጨበጨበ። ሸዋሉልም አጨበጨበች፤ ደግ ዕቅድ ነበርና።

ሥራው ሲጀመር ግን ሰራዊት የኋላውን በር ለመጋዘን አከራየው። የጭነት መኪናው ሁሉ በፊት መጣ። በእግረኛው መንገድ ላይ የመሠረት ድንጋይ ተራገፈበት፤ ትልቅ ጥቁር ክምር። ሸዋሉል ሄዳ፣ "አቶ ሰራዊት፣ ሰው በየት ይለፍ?" አለችው።

"በአንድ ሳምንት ይነሣል፣ እትዬ" አላት።

ክምሩ ሳይነሣ ክረምት ገባ። የወርቅውሃ ሣፋዋን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ክምሩን ለመዞር አስፋልቱ ላይ ወረደች። አሸዋ የጫነ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ነበር። ሸዋሉል ከተራው ሆና አየችው። ያ ከተማ የሚሰማው ድምፅዋ ያን ቀን አልደረሰም።

ሾፌሩ ታሰረ። ሕንጻው ግን ፎቅ ጨመረ። ክምሩም እዚያው ነበር።

ከቀብር መልስ ሸዋሉል ለባጃጆቹ አንድ ቃል ተናገረች፤ "ወደዚያ ቤት ሰው የሚያደርስ ከእኔ ተራ አይቁም።" አንድም ያደረሰ የለም። ሱቅ ሊከራዩ የመጡት ደንበኛ በየት እንደሚመጣ ጠይቀው ተመለሱ። ፎቁ አልቆ፣ መስተዋቱ ተገጥሞ፣ ባዶውን ቆመ። ሸዋሉል በየቀኑ ታየዋለች፤ አቧራ ሲለብስ ደስ ይላታል። ጎረቤቷ ዘመናይ፣ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፣ ሸዋዬ" ብትላት፣

"እኔ መቼ ጸለይኩ?" አለቻት።

በመጨረሻ ሰራዊት ሽማግሌ ላከ። አንድ ማለዳ አባ ጁምዓ፣ የበርታ ሕዝብ ሽማግሌ፣ ሌሎችን አስከትለው ደጇ ቆሙ። ከኋላቸው ሰራዊት አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ይመጣል። ተበዳይ "አውርደው" እስኪል ድረስ አይወርድም፤ ወጉ እንዲያ ነው።

የአባ ጁምዓ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፣ ሐሳባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። "ሸዋሉል ልጄ፣ እህትህ ሞተ። እኛም አለቀስን። ይሄው ሰውየው ድንጋይ ይዞ መጣ። ለአላህ ብለህ አውርድ በለው።"

ሸዋሉል ድንጋዩን አየችው። ጥቁር ነው፤ ትንሽ ነው፣ የዳቦ ያህል።

"ከየት አመጣኸው?" አለችው።

 የሕንጻው ዘበኛ ከኋላ ሆኖ፣ "ከክምሩ ነው፤ ቀለል ያለውን ምረጥ ብለውኝ" አለ፤ የዋህ ነው፣ ምን እንደተናገረ አላወቀም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ።

"እንግዲህ ጀምረኸዋል" አለች ሸዋሉል። "ይህችን ከክምሩ አንሥተሃል። የቀሩትንም በትከሻህ አንሣ። መንገዱ ሲከፈት ያን ጊዜ አውርድ እልሃለሁ።"

"ድንጋይ እኮ ምልክት ነው፣ ልጄ" አሉ አባ ጁምዓ።

"ለእህቴ ምልክት አልነበረም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ወጉን ያመጡት እነሱ ናቸው። ሰራዊትም ያን ባዶ ፎቅ አሰበና "እሺ" አለ።

በማግስቱ የቀን ሠራተኞች ላከ። ሸዋሉል ከተራው ተነሥታ፣ "እናንተ ምን አጠፋችሁ? ሂዱ ቤታችሁ" ብላ መለሰቻቸው። ሲረፍድ እሱ ራሱ መጣ፣ ሸሚዙን አውልቆ። ድንጋዩን ከፊት ለፊት እየተሸከመ ወደ ኋላ በር ይወስዳል። እሷ በርጩማዋን አምጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ባጃጆቹም ሞተር አጥፍተው ያያሉ።

"ጋሼ፣ ትርፍ አይጫንም፣ ትራፊክ ያይዎታል" ይላል አንዱ።

"ተዉት፣ ኮንትራት ነው የያዘው" ይላል ሌላው።

ሸዋሉል አትስቅም። ትከሻው ሲላጥ አየች። ዝናብ ሲመታው፣ የሚያውቁት ነጋዴዎች ሰላም ሳይሉት ሲያልፉ አየች። ማታ ቤቷ ስትገባ እንጀራው ይጣፍጣት ጀመር፤ እህቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ጣፍጧት አያውቅም። አንድ ቀን ትልቁ ድንጋይ አሸነፈው፤ ተንበረከከና፣ "እትዬ ሸዋሉል፣ በእመብርሃን ይብቃኝ" አለ።

"ከተንበረከክህ አይቀር ከሥሩ ያዘው" አለችው።

ያዘው።

የድንጋዩ ማረፊያ ኋላ በር ስለሆነ መጋዘኑ መነሣት ግድ ሆነ። መጋዘኑ ሲነሣ የጭነት መኪናው መግቢያ ተከፈተ። ያ በስብሰባ የተጨበጨበለት ዕቅድ፣ ሳይወድ በግዱ፣ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ቦታ ቦታውን ያዘ። የመጨረሻው ድንጋይ የተነሣ ዕለት፣ ሰራዊት እሱን በትከሻው እንደያዘ ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። ሸዋሉል መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት፣ ከሰው ሁሉ ቀድማ፤ ቀስ ብላ፣ የታዘለ ልጅ እንዳይነቃባት እንደምትሳሳ ሴት። ተመልሳ መጣችና፣

"አውርደው" አለች።

ሰራዊት አወረደው። ትከሻው ግን እንደጎበጠ ቀረ።

"አሁን ይቅር በል፣ ልጄ" አሉ አባ ጁምዓ።

"መንገዱን ተቀብያለሁ፣ አባ።"

"ሰውየውስ?"

"ሰውየው ይሂድበት። በሄደ ቁጥር ስሟን ይጥራ። ይቅርታው እኔ ጋ የለም፤ የወርቅውሃ ይዛው ሄዳለች።"

ወደ ባጃጆቹ ዞር ብላ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ከጎን በኩል ጫኑ" አለች። ሕንጻው ተከፈተ፣ ሱቁ ሞላ፣ እግረኛው በመንገዱ ይሄዳል። ሸዋሉል ጥቂት ጊዜ ተራዋ ላይ ቆየች። የምታየው አጣች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ የሰውየውን ላብ ስትጠብቅ ቀኑ ይመሽላት ነበር፤ አሁን ግን እህቷ ብቻ ናት ፊቷ የምትመጣው፣ ሣፋዋን ይዛ፣ አስፋልቱ ላይ ስትወርድ። እንጀራውም እንደገና አመድ አመድ አላት። አንድ ጠዋት ተራ የምታስከብርበትን ፊሽካ ለሾፌሮቹ ሰጥታ ጓዟን ጠቀለለች። ዘመናይ፣ "በቀልሽን ተወጥተሽ፣ ምነው?" ብትላት፣ "እኮ፣ ተወጣሁት፤ አለቀብኝ" አለቻት።

ባለፈው ጥምቀት ሰሞን ለሜሳ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር አይቷታል። ከአሶሳ በምትጎራበተው በባምባሲ ከተማ መናኸሪያ ውስጥ፣ ወደ አሶሳ የሚሄዱ መኪኖች በሚሰለፉበት በኩል ተራ ታስከብራለች።